የመመለሻው ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ እጮኝነትና ስለ ጋብቻ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ እምቢ ብያቸው ነበር። ስለ ጋብቻ የሚጽፍ ሰው ወይ በጋብቻ የኖረ፣ ወይም ቢያንስ በገባው ቃል የጸና መሆን ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። እኔ ደግሞ ባለፈው ዐቢይ ጾም ከገባሁት ቃል ሦስት ቀን ሸሽቼ የተመለስሁ ሰው ነኝ። በኋላ ግን የንስሐ አባቴ «እንግዲያ የሸሸህበትን ጻፈው፤ የጸኑት በሌላ እትም ይጽፋሉ» ስላሉኝ እነሆ ብዕሬን አነሣሁ። እጮኛዬም ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት አንብባዋለች። ሁለት ቦታ ላይ አርማኛለች፤ ከሁለቱ አንዱ ራሴን ያሞገስሁበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቦቿም ፈቅደው ቀለበት አሰርን። ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ በሥርዐተ ተክሊል እንዲፈጸም ተወሰነ። እንደሚታወቀው በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም፤ ስለዚህ ኀምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ለእኛ የዝግጅት ጊዜ ነበሩ። እርሷ ጊዜውን ለትምህርትና ለጸሎት ስታውለው እኔ ለፍርሃት አዋልሁት። ቀን ቀን ስለ ድንኳንና ስለ አዳራሽ ዋጋ ስከራከር እውላለሁ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

አባቴና እናቴ በሰማንያ የተጋቡ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ተለያዩ። አባቴ ልብሱን በማዳበሪያ ሸክፎ ሲወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ «ነገ እመለሳለሁ» አለኝ። በማግሥቱም፣ በሣልስቱም በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው «ነገ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ማዳበሪያ ይታየኛል። እንግዲህ እኔ የእርሱ ልጅ ሆኜ ለአንዲት ልጅ ዕድሜ ልክ ልል ነው? በእጮኛዬ ላይ አንድ የሚነቀፍ ነገር ባገኝባት ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁባት።

በዚህ መካከል አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ «ምናልባት የተጠራሁት ለምንኩስና ይሆን?» አትሣቁብኝ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይህን የሚል ወጣት አይጠፋም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ይህ ጥሪ በአብዛኛው የሚሰማው ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው። ምንኩስና ታላቅ ክብር መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለእያንዳንዱ ከእግዚአብሔር የተሰጠው የራሱ ስጦታ እንዳለ አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 7፥7)። ዳሩ ግን ጥሪ ሰውን ወደ አንድ ነገር ይስባል። እኔን የሚገፋኝ ነበር እንጂ የሚስበኝ አልነበረም፤ ይህን ግን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

በመፃጉዕ ሳምንት ሰኞ ዕለት ትንሽ ቦርሳ፣ የዘወትር ጸሎት መጽሐፍና አንድ ጋቢ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ለእናቴ «ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» አልኋት፤ ከመሥሪያ ቤት ግን የዓመት ፈቃድ ወስጄ ነበር። ለእጮኛዬ ምንም አልነገርኋት። የንስሐ አባቴንም አላማከርሁ። ስልኬን ዘጋሁት። በልቤ ግን «ሱባኤ መግባቴ ነው» እል ነበር። የሰው ልብ ለሚሸሸው ነገር ሁልጊዜ መንፈሳዊ ስም አያጣለትም።

ከአየር ጤና ተሳፍሬ ሰበታ ደረስሁ። ሰበታ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ፋብሪካና ከባድ መኪና የበዛባት ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከእርሷ ነው። (ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃልለዋል፤ እኔ በለመድነው ስማቸው እጠራቸዋለሁ።) በዚች ከተማ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ገዳም ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ በዐጸዱ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት አረጋዊት እናት እንዝርታቸውን ይዘው አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ ነኝ እማሆይ። ለመመንኰስ አስቤ... ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ይህ የሴቶች ገዳም መሆኑን ማንም አልነገረህም?» ብለው ሣቁ። እኔም ዐፍሬ ሣቅሁ። ከዚያ እንዝርታቸውን እያሾሩ «ቃል የገባህላት አለች?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ ምናልባት ቀለበቱን አይተውት ይሆናል።

«አለች እማሆይ።»

«መምጣትህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

እንዝርቱ ቆመ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «እኛ ስንመነኵስ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎልናል፤ እንደ ሞተ ሰው። ከዚያም በፊት ዓመታት በአመክሮ ቆይተናል፤ ውኃ ቀድተናል፣ እንጨት ለቅመናል፣ ተቆጥተውናል፣ ታግሠናል። ይህ የዕድሜ ልክ ቃል ነው ልጄ። ለአንዲት ልጅ የገባኸው ቃል ከከበደህ ይህን በምን ትከሻህ ልትሸከመው ነው? ከዕዳ ሸሽቶ ወደ ባሰ ዕዳ የሚገባ ሰው አየህን?» ከዚህ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አጫወቱኝ። ስነሣ ከመቀነታቸው ፈትተው ጥቂት ቆሎ ሰጡኝና «ለእርሷም ይድረሳት» አሉኝ።

ያን ሌሊት ሰበታ አንዲት አልቤርጎ ውስጥ አደርሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ራሴን ለማጽናናት ጻድቁን ገብረ ክርስቶስን አሰብሁ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ታሪኩን በድራማ ስለ ሠራነው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በዓሉን ጥቅምት 14 ቀን እናከብራለን። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በሠርጉ ሌሊት ከጫጉላው ወጥቶ ሄደ፤ በኋላም በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሆኖ ኖረ። «እነሆ፣ ቅዱሳንም ከሠርግ ወጥተዋል» አልሁ። ነገር ግን ነገሩን ባብላላሁት ቁጥር ታሪኩ በእኔ ላይ ዞረብኝ። ገብረ ክርስቶስ ከመውጣቱ በፊት ሙሽራይቱን አነጋግሯት፣ ተሰናብቷት ነው የወጣው። ደግሞም እርሱ የወጣው የንጉሥ ቤት ትቶ ወደ ርኀብና ወደ ቍስል ነው፤ እኔ ግን የምሸሸው ከድካም ነበር። በማግሥቱ ለምሳ ወደ አክስቴ ቤት ለመሄድ አስቤ ነበርና በጻድቁ ስም መጠጊያ መፈለጌን ተውሁት።

አክስቴ የምትኖረው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በምዕራብ፣ ሱሉልታ በሰሜን አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ናቸው። በታክሲ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ስነሣ ደግሞ መንገዴ ተመልሶ በአዲስ አበባ በኩል ሆነ፤ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ወደ ዊንጌት፣ ከዚያ በአስኮ። የእጮኛዬ ቤት ጳውሎስ አካባቢ ነው። እርሷ በዚያ ሰዓት እኔን ፍለጋ በር በር ታንኳኳ እንደ ነበር ሳላውቅ ከሰፈሯ በእግር በሚደረስበት ርቀት አለፍሁ። እስራኤል ኢያሪኮን በዞሩ ጊዜ ቅጥሩ ወደቀ፤ እኔ አዲስ አበባን ብዞር ራሴን አደከምሁ እንጂ የወደቀ ነገር የለም።

አክስቴ ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ ገፈርሳ ግድብ ወጥቼ በሩቁ ውኃውን እያየሁ ለመጸለይ ሞከርሁ። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የጠጣነው ውኃ ነው። ቦታው ጸጥ ያለ ነበር፤ ልቤ ግን ጸጥ አላለም። «አቤቱ መንገዴን ግለጥልኝ» እልና ወዲያው ምን ብዬ ለእናቴ እንደምመልስላት ማሰብ እጀምራለሁ። ውሸት ተናግሮ የወጣ ሰው ብቻውን መሆን አይችልም፤ ውሸቱ አብሮት ይሄዳልና።

አክስቴ የአባቴ እኅት ናት። ባለቤቷ በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፏል። በደረስሁ ጊዜ ምሳ እያጎረሰቻቸው ነበር።

«ጨው የለውም» አሉ ጋሼ፣ ቃሉ ከአፋቸው በጭንቅ እየወጣ።

«ለደም ግፊትህ ነው። አርፈህ ብላ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ጨው የለውም!» ወደ እኔ ዞረው በአንድ ጎን ፈገግ አሉ።

ሳምንቱ መፃጉዕ ነው ብያችኋለሁ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን በሽተኛ የምናስብበት ሳምንት (ዮሐ. 5)። የዚያን ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሰውየው ለጌታ ያቀረበው አቤቱታ ስለ በሽታው አልነበረም። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አለመኖሩን ነው የተናገረው። ጋሼ ግን ሰው አላቸው። ጨው የሌለው ሽሮ የሚያጎርስ፣ ገላ የሚያጥብ፣ ሌሊት የሚያገላብጥ። እኔ «ዕድሜ ልክ» ሲባል ሲታየኝ የነበረው የማላመልጥበት በር ነበር። ከተዘጋው በር ውስጥ ማን ከማን ጋር እንዳለ አላየሁም ነበር።

ማታ ጋሼ ከተኙ በኋላ አክስቴን ጠየቅኋት፤ «አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥረሽ ታውቂያለሽ? ምነው ባላገባሁት ያልሽበት ቀን?»

«ገና ትናንት ማታ!» አለች ሳታመነታ። «ሦስት ጊዜ ቀሰቀሰኝ። አምላኬ ሆይ፣ ይህን ለምን በእኔ ላይ አልሁ። ሲነጋ ግን ልብሱ መታጠብ ነበረበት፤ ተነሣሁ።»

ከዚያ ስለ አባቴ ያልሰማሁትን ነገረችኝ። «ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመሄዱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሆዱ ይዞ ኖረ። ለእናትህ አልነገራት፣ ለእኔ አልነገረኝ፣ ለንስሐ አባቱም አልነገረ። አንድ ቀን ልብሱን ሸክፎ ወጣ፤ እናንተ የሰማችሁት ያን ቀን ነው።» ከዚያም ትኩር ብላ አየችኝና «አንተስ ለልጅቷ ነግረሃታል ወደዚህ መምጣትህን?» አለችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቅሁ። ለእማሆይ እውነቱን ተናግሬ ነበር፤ ለአክስቴ ግን «አዎ» አልኋት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት የአባቴን ነገር ከሰማሁ በኋላ «አልነገርኋትም» ብል ማንን እንደምመስል ስላወቅሁ ይሆናል።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ቆርጬ ተነሣሁ። በዚያ ከቆየሁ በኋላ ስለመመለሴ አስቤ አላውቅም። እንደገና በጳውሎስ በኩል አልፌ ከአዲሱ ገበያ በፍቼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መኪናው በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሲወርድ ብርዱ በመስኮት ገባ። ሱሉልታ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን።

በመንገዱ ዳር ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ያልፉ ነበር። ሱሉልታ በከፍታዋና በአየሯ የታወቀች የአትሌቶች ማሠልጠኛ ናት፤ አትሌት ቀነኒሳ በቀለም የማሠልጠኛ ማዕከል የከፈተው በዚያው ነው። አንዱ ቡድን ከከተማው ወጥቶ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ ተመለከትሁ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ እነዚያው ልጆች በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቍጥር ተመለሱ። ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ አንድ ልጅ ነበር፤ እርሱም መጣ።

የአውቶቡሱ ረዳት ጎማውን እያጠበቀ «ወንድም፣ ወዴት ነህ?» አለኝ።

መልሱ ከአፌ አልወጣም። ትኬቴ ፍቼ ይላል። ልወርድ ያሰብሁት ደብረ ሊባኖስ ነው። በዚያ ገዳም በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን በግፍ እንደ ፈጀ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተምረናል። እንዲህ ባለ ቦታ ደጅ ላይ ቆሜ «ሠርግ ፈርቼ መጣሁ» ልል ነውን? ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ኮሬብ ዋሻ ውስጥ በገባ ጊዜ እግዚአብሔር በዚያ ምን እንደሚያደርግ ነበር የጠየቀው፤ በኋላም በመጣበት መንገድ እንዲመለስ አዘዘው (1ኛ ነገ. 19)። በኮሬብ የሰማው የዝምታ ድምፅ ደስ ስለሚለን አዘውትረን እንሰብከዋለን፤ ተመለስ የተባለበትን ግን ብዙም አንሰብከውም።

ስልኬን ከፈትሁት። መልእክቶች እየተከታተሉ ገቡ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ፣ ከእናቴ፣ ከንስሐ አባቴ፣ ከሚዜዎቼ። እጮኛዬ ሰኞ ማታ ደውላ ስታጣኝ ወደ እናቴ ሄዳ ነበር፤ እናቴም «ለሥራ ሄዷል» አለቻት፤ መሥሪያ ቤት ሲጠይቁ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው ተባሉ። ማክሰኞ ሁለቱ ሆነው ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞሩ ዋሉ። በአንዱ ሆስፒታል ስሙ ያልታወቀ ወጣት አስከሬን አለ ተብለው እጮኛዬ ገብታ አይታ ወጣች። እናቴ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተኝታለች።

ደወልሁላት። መጀመሪያ አላናገረችኝም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «የት ነህ?» አለች።

«ሱሉልታ።»

«እናትህ ዘንድ ሂድ። እኔን ነገ ታገኘኛለህ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሐሙስ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተገናኘን፤ የንስሐ አባታችንም ነበሩ። ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልነበረም። ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ አባቴን፣ ማዳበሪያውን፣ እንቅልፍ ማጣቴን። ጨርሼ ዝም ስል እንዲህ አለችኝ፤ «መፍራትህ አላስከፋኝም። እኔም ፈርቻለሁ። ስትፈራ ወዴት እንደምትሄድ ግን አሁን ዐወቅሁ፤ ከእኔ ርቀህ።» የምመልሰው አልነበረኝም።

የንስሐ አባታችን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው አንድ ቦታ አሳዩን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለባለ ትዳሮች ሲጽፍ ለጸሎት ብለው ለጊዜው እንዲለያዩ ይፈቅድላቸዋል፤ ነገር ግን ተስማምተው፣ ጊዜ ወስነው፣ ደግሞም ተመልሰው አብረው እንዲሆኑ (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። «ሱባኤም እንዲሁ ነው» አሉን። «የሚገባበት ምክንያት ይታወቃል፤ ቦታው ይታወቃል፤ ቀኑ ይቈጠራል፤ የንስሐ አባት ያውቃል። ያንተ ግን ከነዚህ አንዱም የለበትም። ሱባኤ አትበለው።» ከዚያም ስለ ይስሐቅ ነገሩን። ርብቃ በመጣች ዕለት ይስሐቅ ወደ ማታ ብቻውን ወደ ሜዳ ወጥቶ ያሰላስል ነበር (ዘፍ. 24፥63)። ያላያትን ልጅ ሊያገባ ነውና ስንት ነገር ሳያስብ ቀርቷል? ሆኖም ቀና ባለ ጊዜ የሚመጡትን ግመሎች ከቆመበት አየ፤ ርብቃም አሻግራ እርሱን አየችው። «እንደ ይስሐቅ ብቻህን ሁን ልጄ። ግን ከምትታይበት ቦታ ሁን።»

በዚያው ምዕራፍ ሌላም ነገር አለ፤ በተለይ እኅቶቼ እንድታስተውሉት እወዳለሁ። የርብቃ ቤተሰቦች ከዚያ ሰው ጋር ለመሄድ ፈቃዷ መሆኑን ራሷን ጠርተው ጠይቀዋታል (ዘፍ. 24፥58)። ቤተ ክርስቲያናችንም በፍትሐ ነገሥቱ ስለ ጋብቻ በሚናገረው በ24ኛው አንቀጽ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ያለ ሁለቱ ሙሉና ነጻ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ደንግጓል። ስለዚህ ብቻውን ሄዶ፣ ጾሞና ጸልዮ «አይሆንም» ብሎ የሚመለስ ሰው ኃጢአት ሠራ ማለት አይደለም። ከተክሊል በኋላ ከማፍረስ ከተክሊል በፊት በግልጽ መናገር እጅግ ይሻላል፤ ድንኳን ተከራይተናል፣ ጥሪ ካርድ በትነናል ተብሎ ዝም አይባልም። ወላጆቻችን ቢቈጡ ይቈጡ። ብቻ መልሱ እሺም ይሁን እምቢ ለሚጠብቀው ሰው መድረስ አለበት። እኔ ይዤባት የጠፋሁት ይህን ነው፤ እሺም እምቢም ሳልላት በሬሳ ቤት ደጅ አቆምኋት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እጮኛዬ ሠርጉ እንዲራዘም ለሽማግሌዎቹ ላከችባቸው። ቤተሰቦቿ በጣም ተቈጡ፤ ከአጎቶቿ አንዱ እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ እውነቱን ነው። እርሷም በተራዋ ሰባት ቀን ሱባኤ ልትገባ መሆኑን ነገረችኝ። «ሰበታ፣ ያንተ እማሆይ ዘንድ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመለሳለሁ፤ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት አየር ጤና ታገኘኛለህ» አለች። ቆሎዋን ሰጠኋት፤ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እነዚያን ሰባት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው መናገር ይከብደኛል። የት እንዳለች ዐውቃለሁ፤ መቼ እንደምትመለስ ዐውቃለሁ፤ ደኅና መሆኗንም ዐውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንኳ እህል አልወርድ አለኝ። ምንም ሳታውቅ ሁለት ሌሊት ያደረችውን ሳስብ ማታ ማታ ለስግደት እወድቅና ለመነሣት ጉልበት አጣ ነበር። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። አንድ ቀን ብቻ «አባትህን እንደዚህ ጠብቄዋለሁ» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም።

እሑድ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አየር ጤና ቆምሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አልመጣችም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ከአንድ ሚኒባስ ወረደች፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ ከገዳሙ የተሰጣት ዳቦ በእጇ ይዛለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ መሆን አለመሆኑን ለማየት ዐይኔ ወደ እጇ ሄደ፤ ዳቦው ሸፈነብኝ። «መጀመሪያ እናትህ ዘንድ እንሂድ፣ ዳቦው ለእርሷ ነው» አለችኝ። የተናገረችኝን እዚያው መንገድ ላይ ነው የተናገረችኝ፤ እርሱን እንዳልጽፍ ከልክላኛለች።

ሠርጉ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመጪው ጥር ነው። እስከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከንስሐ አባታችን ጋር እንቀመጣለን። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ አንዳንድ ሌሊት ዛሬም ይቀሰቅሰኛል። ሲነጋ ደውዬ እነግራታለሁ፤ አንዳንዴ «እኔንም ቀስቅሶኝ ነበር» ትለኛለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «ተኛ እባክህ» ትለኛለች። በዚህ ክረምት መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ቀን ወደ ወሊሶ ሲልከኝ የምመለስበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ስመለስ ዝናብ መንገዱን ዘግቶ ሰበታ ላይ ቆምን፤ ከዚያ ደውዬ አንድ ሰዓት እንደምዘገይ ነገርኋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።